ባለ አንድ ዓይኑ ሰውዬ

«ሥራነሽ! ለዚያ ሰውዬ ሁለተኛ ዓይን ጨምሪለት!»

ሥራነሽ መሰላሉ ላይ እንዳለች ዘወር ብላ ወደ ታች አየች። ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ በሌላው ወደ ግድግዳው የሚጠቁሙት አቶ እንዳላማው ናቸው፤ የንጋት አዳራሽ አስመራቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ አዳራሹ የሚመረቀው እሑድ። ሥዕሉ አልቋል። የቀረው ጥጉ ላይ የሠዓሊዋን ስም መጻፍ ብቻ ነበር፤ ለዚያም ብላ ቀጭኗን ብሩሽ ቀለም ነክራ ነበር።

«የትኛው ሰውዬ ጋሼ?» አለች፣ ሆዷ እያወቀ።

«ጠረጴዛው ጋ ያለው ነዋ! ሌላ ምን ሰው አለ?»

ሌላማ ሞልቶ ነበር። ግድግዳው ዐሥራ አራት ሜትር ይረዝማል፤ ዐሥራ ሁለቱን ሜትር የያዘው ወረፋ ነው። ሃያ ሦስት ሰው ወረቀቱን በእጁ ይዞ ቆሟል። ከሮብ ገበያ የመጣ ገበሬ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ተማሪ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ባጃጅ ነጂው ጌቾ በቀይ ማሊያው፣ ቢጫ ጃንጥላ የዘረጉ እናት፣ ልጅ ያዘለች፣ ክራንች የተደገፈ። ሁሉም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ሥራነሽ እየለመነች፣ ድንጋይ ላይ እያስቀመጠች የሣለችው። ሃያ ሦስቱም ፊት ለፊት ያያሉ፤ ዓይናቸውም ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ እንዳሉት መላእክት ትልልቅ ነው። ከወረፋው ጫፍ አንድ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ሰውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ መስኮት ዞሯል። የሚታየው በጎኑ ነው። ዓይኑም አንድ ናት።

ሌላ አገር ቢሆን ምንም አይደለም፤ ወደ መስኮት የሚያይ ሰው ከጎን ሲታይ አንድ ዓይን ነው ያለው፣ አለቀ። እዚህ ግን ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ያደገ ሰው ሁሉ ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀው ሕግ አለ። ደግ ሰው የሚሣለው ፊት ለፊት ነው፣ ከነሁለት ዓይኑ። ክፉ ሰው የሚሣለው በጎን ነው፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳ ባለ አንድ ዓይን ነው። ሕፃናቱን ያረዱት የሄሮድስ ወታደሮች ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ይህን ግድግዳ ለማንበብ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። ሰውዬው በተሣለ ማግስት ከገበያ የሚመለሰው ሰው እየቆመ «እሰይ!» ይል ጀመር። አንዲት ሴትዮ እልልታዋን አቀለጠችው። ከመናኸሪያው የሚወጡት ሚኒባሶች እዚያ ሲደርሱ ፍጥነት እየቀነሱ፣ ጥሩንባ እየነፉ ማለፍ ያዙ።

የሚገርመው የከሳሾቹ ነገር ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ጢም የለው፣ መላጣ አይደል፣ ቦርጭ የለው፣ ስም አልተጻፈበት። ግን እስከ ሐሙስ ድረስ አምስት የተከበሩ ሰዎች ለየብቻቸው ኮሚቴው ዘንድ ደውለው «የሣለችው እኔን ነው» ብለዋል። አንደኛው መላጣ ናቸው! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸ ነው። ስድስተኛው እንግዲህ አቶ እንዳላማው ራሳቸው ነበሩ። ከተማው እሳቸውን «ነገ ተመለሱ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ለንግድ ፈቃድ ቢሯቸው የሄደ ሰው ከአፋቸው ሌላ ቃል ሰምቶ ስለማያውቅ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጢም አለዎት፤ እሱ የለውም» አለች ሥራነሽ ከመሰላሉ እየወረደች። «ምን አስጨነቀዎት?»

«እኔ ነኝ ያለ አለ?» አቶ እንዳላማው ጢማቸውን ነካ አደረጉ። «እኔ የምለው ጥበብ ገንቢ ይሁን ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ካሜራ ይመጣል። ከተማችን ስንት በጎ ገጽታ እያላት! ወረፋውስ ይኑር፣ ግድ የለም። ሰውዬውን ግን አስተካክዪው። ሁለተኛ ዓይን ጨምሪለት፣ ስልኩን አውርጂለት፣ ትንሽ ፈገግ ይበል።»

«ፈገግ?»

«ትንሽ።»

ሥራነሽ ሳቋ መጣባት፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ ንዴቱ። «የተባልኩት ከተማችንን ሣዪ ነበር። ሣልኳት። ግድግዳው የኮሚቴው ነው ጋሼ፤ ያየሁት ነገር ግን የእኔ ነው።»

አቶ እንዳላማው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። ማኅተም አርፎበታል። እስከ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሥዕሉ «ተገቢው ማስተካከያ» ካልተደረገለት ግድግዳው በሙሉ ኖራ ይቀባል ይላል። በሙሉ የተባለበትን ምክንያትም ራሳቸው አስረዷት፤ ሰውዬው ብቻ ቢጠፋ «ይኸ ሁሉ ሕዝብ ማንን ነው የሚጠብቀው?» መባሉ አይቀርም። ኖራው ተገዝቷል። ሰውም ተቀጥሯል። ይህን እንዳሉ ስልካቸው ጮኸና እያወሩ ሄዱ።

ሥራነሽ ወረቀቱን እንደያዘች መሰላሉ ሥር ቁጭ አለች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ የተሰማት ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አሥር ዓመት ሙሉ የሰውን ምግብ ቤት ስም ስትጽፍ፣ የጸጉር ቤት በር ላይ ከንፈር ስትሥል ኖራለች፤ ማንም ደንግጦ አያውቅም። አሁን ከአውራ ጣቷ የማትበልጥ አንዲት የግድግዳ ዓይን ስድስት ሱፍ ለባሽ እንቅልፍ ነሳች! ደስ አላት። ደስ ስላላት አፈረች፤ ደግሞ መልሶ ደስ አላት።

ሰውዬውን መጀመሪያ በከሰል ስትነድፈው ፊት ለፊት ነበር ያደረገችው፤ ይኸን የሚያውቅ የለም። የሱቋን ፈቃድ ለማውጣት ስምንት ቀን ወረፋ የቆመች ጊዜ በማመልከቻው ጀርባ የሞነጫጨረችውን ይዛ ነው ይህን ግድግዳ የጀመረችው። ሁለት ቀን ከሰውዬው ፊት ጋር ታገለች። አልሆን አላት። ሰውን ፊት ለፊት እያየ ስምንት ቀን የሚያቆም ሰው ከየት ይመጣል? ከሰሉን በጨርቅ ጠርጋ ሰውዬውን ወደ መስኮት አዞረችው። ያን ጊዜ ግድግዳው ሁሉ ነፍስ ዘራ፤ እሷም ብቻዋን መሰላል ላይ ሆና ጮኸች። አሁን ያቺን አንዲት ዓይን ሁለት ብታደርጋት የሚጠፋው ሰውዬው አይደለም። ስምንቱ ቀን ነው።

ስልኳን አንሥታ ደብረ ወርቅ ደወለች፣ የኔታ ዘመንፈስቅዱስ ዘንድ። ቀለም መበጥበጥ ያስተማሯት፣ «ሴት ልጅ ብሩሽ ትያዝ?» ያለውን ሁሉ «እናንተ ያዙና ያምርላችሁ እንደሆነ እንይ» ብለው ዝም ያሰኙላት መምህሯ ናቸው።

ዓርብ ረፋድ ላይ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ። ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ ግድግዳው ፊት ቆሙ። ከጫፍ ጫፍ ሄዱ፣ ተመለሱ፤ ደግሞ ሄዱ። ሥራነሽም ከኋላ ከኋላቸው ሄደች፣ ተመለሰች።

«የጠረጴዛው እግር ጠሟል» አሉ በመጨረሻ።

«የኔታ! እሱን ትተው ስለ ዓይኑ ይንገሩኝ!»

«ስለ እግሩም ቢሆን ልታፍሪ ይገባል።» ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ሃያ ሦስቱ ሰዎች በየተራ የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። በደርግ ጊዜ አንድ ደብር ላይ ሰይጣንን ሣልኩና ቆብ ደፋሁለት። የወረዳው ካድሬ መጥቶ አየና "ይኸ የኔ ቆብ ነው" አለኝ። የእውነትም የሱ ቆብ ነበር።»

ሥራነሽ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ፈራሁ ልጄ። በነጋታው ቆቡን ፍቄ አነሣሁት፤ ሰይጣኑ ራሱን ገልጦ ቀረ። ይኸው አርባ ዓመት አለፈው፣ እዚያ ደብር ለማኅሌት ስገባ ያንን ግድግዳ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። በጎን ነው የማልፈው። ገባሽ? ሰይጣኑ ያጣው ቆቡን ነው፤ እኔ ያጣሁት አንድ ዓይኔን ነው።»

ሥራነሽ መምህሯን ሃያ ዓመት ስታውቃቸው እንዲህ ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም። «እና ምን ላድርግ?» አለች።

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ግድግዳው ያንቺ ነው። ለንጊኖስን ስንሥል ምን ብዬ አስተማርኩሽ? ያ ጌታን በጦር የወጋው፣ ዓይኑ የጠፋው ወታደር። ዓይኑን ማን አበራለት?»

«የጌታ ደም ነክቶት ነው።»

«ሠዓሊው አይደለም?»

«አይደለም።»

«ታዲያ! ሠዓሊ ዓይን አይሰጥም። የተሰጠውን ነው የሚሥል» አሉና ተነሡ። «በይ አሁን ምሳ አብዪኝ።»

ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ኖራው መጣ። ያመጣው ሙሉሰው ነው፤ የከተማውን አጥር ግማሽ ያህል እሱ ነው የቀባው። ሁለት ባልዲ በጥብጦ፣ ረጅም ዘንግ ያለውን ብሩሹን ነክሮ፣ ግድግዳው ፊት ቆመና መልሶ አወረደው።

«አይ እህቴ፣ ሁሉም እኮ ያዩኛል!» አላት። «ሃያ ሦስት ሰው እያየኝ እንዴት አድርጌ ነው የምቀባው?»

«እኔ ልንገርህ? ከእግራቸው ጀምር» አለች ሥራነሽ ለመቀለድ እየሞከረች። መሰላሉ ሥር ቀጭኗን ብሩሽ ይዛ ቆማለች። ስሟን አልጻፈችም። ሊጠፋ በተቃረበ ነገር ላይ ስም መጻፍ አስፈራት።

ያን ጊዜ ነው የባጃጅ ጥሩንባ የተሰማው። ጌቾ ነበር፣ በቀይ ማሊያው። ወሬውን ከሙሉሰው ከሰማ ጀምሮ ምሳውን ትቶ ከተማውን ሲያካልል ነው የዋለው። ከባጃጇ ውስጥ ተማሪዋ ወጣች፣ ክራንች የተደገፈው ሰው ወጣ፣ ልጅ ያዘለችው ወጣች። ጌቾ ተመልሶ ሄዶ ሌሎች አመጣ። በእግራቸውም የመጡ አሉ። የሮብ ገበያው ገበሬ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ኖሮ በጉን ሳይሸጥ እየጎተተ ደረሰ።

«ኖራ የሚቀባው እኛ ላይ አይደል?» አለ ጌቾ። «እንግዲህ መጥተናል። በየወረፋችሁ!»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሃያ ሦስቱም በግድግዳው ላይ በቆሙበት ተራ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰለፉ፤ እያንዳንዱ ከገዛ ሥዕሉ ፊት። እዚህም ወረፋ ነውና ጠብ አልቀረም፤ ተማሪዋ «እኔ ካንተ ፊት ነኝ፣ ከፈለግህ ግድግዳውን እይ!» ብላ ጌቾን ወደ ኋላ መለሰችው። በጉም ገባ። መንገደኛው ቆመ፣ ሚኒባሶቹ ቆሙ፣ ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ሥራነሽ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሥዕሏ ከግድግዳው ወርዶ መሬት ላይ ቆሞ ነበር።

አቶ እንዳላማው የመጡት በዚህ መሀል ነው። ስልካቸው ጆሯቸው ላይ ነው፤ ከእሑዱ እንግዶች አንዱን እያናገሩ ነበር። ሰዉን በቅጡ ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ ኖራው ባልዲ ሄዱ፣ ከወረፋው ጫፍ ደረሱ፣ ቆሙ። ወሬያቸውን ለመጨረስም ፊታቸውን ወደ አዳራሹ መስኮት አዞሩ።

ሳቁ ከወረፋው ኋላ ተነሥቶ እንደ ጎርፍ ወረደ። እስከ ቅዳሜ የቆዩት የኔታ እንኳ መቋሚያቸው ላይ ተደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አቶ እንዳላማው ስልኩን ዘጉት።

«ምንድን ነው ይኸ? ሥራነሽ! እምቢ አልሽ ማለት ነው?»

ሥራነሽ ወደ ፊት ራመድ አለች። «ጋሼ፣ ዓይኑን እኔ ደብቄ አላስቀረሁበትም። ሰውዬው ወደ ሰው ዞር ቢል ሁለተኛው ዓይን በራሱ ይመጣል። ወደ መስኮት እያየ ግን የት ላይ ልጨምርለት? ጆሮው ላይ?»

«ሙሉሰው! ቀባ!»

«እንዳላማው!»

የጠራቸው የሴት ድምፅ ነበር፤ ያውም ያለ አቶ። አቶ እንዳላማው ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ከወረፋው ዐራተኛ ሰው ቢጫ ጃንጥላቸውን አጠፉት። እማማ አመተ ማርያም ናቸው፣ የአብማ ማርያም ሰፈር ሰው። ሥራነሽ ሁለት ቀን አስቀምጣ ስትሥላቸው ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ ዶሮዎቻቸው ነበር ያጫወቷት፤ የማን እናት እንደሆኑ አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

«እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወረፋዬን እጠብቃለሁ።»

«የምን ወረፋ?»

እማማ አመተ ማርያም በታጠፈው ጃንጥላ ወደ ኋላቸው፣ ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። «ከሐሙስ ጀምረህ እዚህ ስትመላለስ እኔን አላየኸኝም?»

አቶ እንዳላማው ቀና አሉ። ግድግዳው ላይ የገዛ እናታቸው ቢጫ ጃንጥላ ዘርግተው፣ በእጃቸው ወረቀት ይዘው፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን ቁልቁል ያዩዋቸዋል። ጉንጫቸው ላይ ያለችው ጠቃጠቆ እንኳ አልቀረችም። እውነትም አላዩም ነበር። በተመላለሱ ቁጥር ያዩት ሰውዬውን ብቻ ነው።

«ልጅቱ ወረፋ ልሥል ነው ስትለኝ፣ እኔንም አስገቢኝ አልኳት» አሉ እናትዬው፣ ከቁጣ ይልቅ በድካም። «ፋሲካ መጥተህ ከሄድክ ወዲህ አላየሁህም። ስደውልልህ ስብሰባ ነኝ ትላለህ። በወረፋ እንደሆነ ልጄን አገኘው ይሆናል ብዬ ነው።»

የሚስቅ ጠፋ። አቶ እንዳላማው ከእናታቸው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ተማሪዋ፣ ወደ ጌቾ፣ ወደ ገበሬው አዩ። ሙሉ በሙሉ ዞረዋል። ሥራነሽ ስምንት ቀን ወረፋ ቆማ፣ ከዚያም ሦስት ሳምንት የእሳቸውን አዳራሽ ግድግዳ ስትሥል ፊታቸውን ከነሁለት ዓይኑ በቅጡ ያየችው ገና ያን ጊዜ ነው። ዓይኖቻቸው ቡናማ ናቸው። እንባ አቅርረዋል። እጇ ከሰል ፍለጋ ኪሷ ገባ፤ የሠዓሊ ነገር፣ ምን ይደረግ!

ሙሉሰው ግራ ገብቶት ብሩሹን እንደያዘ ቆሟል። ኖራው በእጁ ላይ ይንጠባጠባል። «ጌታዬ፣ እንዴት ልሁን? ልጀምር?»

አቶ እንዳላማው አፋቸውን ከፈቱ። ሰብሳቢ ናቸው፣ ሁሉም መልሳቸውን ይጠብቃል፣ የሚሉት ግን ጠፋቸው። ሰው የሚለው ሲጠፋው ምላሱ የለመደውን ያወጣል።

«ነገ» አሉ። «ነገ ተመለስ።»

ከተማው ፈነዳ! እልልታው፣ ፉጨቱ፣ ጥሩንባው! ሙሉሰው «ነገ ተባልኩ! ነገ ተባልኩ!» እያለ ባልዲዎቹን አንሥቶ ሮጠ፤ ማንም ሐሳቡን እንዳይቀይርበት ፈርቶ። ነገ ምረቃው ነው። እንግዳና ካሜራ ፊት ማን ኖራ ይቀባል? ያ ቃል ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰው አስደስቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ያን ቀን ግን ተማሪዋ ጌቾን አቅፋ ዘለለች፣ በጉም ማሰሪያውን በጥሶ ጠፋ። ሥራነሽ መሰላሉን ወጣች። ቀጭኑ ብሩሽ እጇ ላይ ደርቆ ስለነበር በምራቋ አራሰችውና ጥጉ ላይ ስሟን ጻፈች። የኔታ ከታች ሆነው ፊደሉ እንዳይጣመም ተቆጣጠሩ።

እሑድ እንግዶቹ መጡ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ንግግሩ ረዘመ። ባለ አንድ ዓይኑ ሰውዬም ከነስልኩ እዚያው ጠረጴዛው ጋ ነበር፤ ማንም የነካው የለም። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ አቶ እንዳላማው እናታቸውን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው አመጧቸው፤ ከዐራተኛዋ ሥዕል ፊት አቆሟቸውና ራሳቸውም አጠገባቸው ቆሙ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አስተካክሎ፣ አንዴ አየና እጁን አወዛወዘ።

«ጋሼ፣ እንዲያምርልዎ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ይበሉ።»

«አይሆንም!» አሉ አቶ እንዳላማው፣ የእናታቸውን እጅ ጠበቅ አድርገው። «ፊት ለፊት አንሣኝ። ሁለቱም ዓይኔ ይውጣ።»